ሽፋኑ ላይ የቀረው እጅ

ኤልቤቴል እንጀራዋን የምትበላው የሰው ፊት እያጸዳች ነው። ዲላ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው የእትዬ አትጠገብ ፎቶ ቤት፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ የሙሽራ ብጉር ታጠፋለች፣ የሟች የተቀደደ ፎቶ ትጠግናለች፣ ዱባይን በሕልሙ እንኳ ያላየውን ጎረምሳ ከዱባይ ፎቅ ሥር ታቆመዋለች። ፎቶሾፕ የሚሉትን ነገር በከተማው እንደ እሷ የሚያሽከረክር የለም ይባል ነበር፤ ይህን ሲሉ ስትሰማም አይከፋትም።

ሥራውን ያስተማሯት እትዬ አትጠገብ ናቸው። ከሸዋ መጥተው ዲላ ላይ ያረጁ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። «ፎቶ ስትከፍቺ ሙሉውን አትዪ» ይሏታል። «ሙሉውን ካየሽ ወይ ታለቅሻለሽ ወይ ትስቂያለሽ፣ ሥራው ይበላሻል። አጉልተሽ ከጥግ ጀምሪ። ነጥብ ያየሽውን ሁሉ ጥረጊ። ሰውየውን የምታዪው መጨረሻ ላይ ነው።» ኤልቤቴልም ይህችን ትእዛዝ አንድ ቀን አጓድላት አታውቅም።

ከሲላስ ጋር ያገናኛትም ይኸው ጠረጋ ነው። አንድ ጠዋት ረጅም፣ ጠይም ልጅ ጉርድ ፎቶውን ይዞ ገባና ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት።

«ጠባሳዬን መልሽልኝ» አላት።

«ምንህን?»

«ጠባሳዬን። መታወቂያ ላወጣ ሄጄ፣ ይሄ ፎቶ ያንተ አይደለም ብለው መለሱኝ።»

ቀና ብላ አየችው። ከግራ ቅንድቡ በላይ አጭር ጠባሳ አለ። ፎቶው ላይ ግን ግንባሩ እንደ ሕፃን ግንባር ለስልሷል።

«አሳምሬህ እኮ ነው» አለችው እያፈረች።

«ማማሩንስ አምሬያለሁ። ግን እናቴም ማነው ይሄ አለችኝ።»

ሳቋ አመለጣት። ጠባሳውን ከዋናው ፎቶ ላይ መለሰችለት፤ ከየት እንዳገኘውም ጠየቀችው። ልጅ ሆኖ ከአቮካዶ ዛፍ ላይ ወድቆ ነው። በሳምንቱ ሌላ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጣ። በቀጣዩም ሳምንት መጣ። በመጨረሻ እትዬ አትጠገብ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ስንት መታወቂያ ነው የምታወጣው?» አሉት። ሲላስ የሚገባበት ጠፋው። «ካሜራ መያዝ እችላለሁ፣ ሥራ ካለ ብዬ ነው» አለ። እውነትም ይችል ኖሮ፣ ሠርግና ምረቃ እየዞረ የሚያነሳ የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ የኤልቤቴልን ነገር አልደብቅም፤ ቀናተኛ ናት። ያውም ለይቶላት። ሲላስ ሠርግ አንስቶ ሲመለስ ፎቶዎቹን እያየች «የዚችን አገጭ ለምን ያዝከው?» ትለዋለች። «ፊቷ ብርሃን እንዲያገኝ ነዋ» ይላታል። «ቀና በይ ብትላት አትሰማም? ደንቆሮ ናት?» ትለዋለች። በዚህ የተነሳ ሲላስ ሴት ሲያነሳ በአፉ ብቻ ማዘዝ ለመደ። እጁን እንደማያነሳ ቃል ገብቶላታል፤ እሷም ቃሉን እንደ ማተብ ይዛዋለች።

የሰዓቱ የቆዳ ማሰሪያ የተበጠሰ ጊዜ በቀይ ክር የሰፋችለት እሷ ናት። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ጪጩ፣ አባቷ ቤት፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ነው የሰፋችው። ሲላስ ሰዓቱን በግራ እጁ አስሮ መንገድ ሲሻገር ያቺን ቀይ ክር ከሩቅ ታያታለች፣ የእኔ ነው ትላለች በሆዷ። እሱም የልቧን አውቆ «የጌዴኦ ዘመን መለወጫ ይለፍ ብቻ፣ ደራሮ እንዳለፈ ሽማግሌ አባትሽ ዘንድ እልካለሁ» ብሏታል። አባቷ አቶ ወልደዮሐንስ ቡና ለቃሚ ቤተሰብ ያሳደጋቸው፣ አሁን የራሳቸው ማሳ ያላቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ንግግር አያበዙም። ስለ ሲላስ ያሉት አንዲት ነገር ናት፦ «ዓይኑ አይቅበዘበዝም።» ይህችን ቃል ኤልቤቴል ደጋግማ ለራሷ ትናገራት ነበር።

ነገሩ የመጣው በ2002 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ከፎቶ ቤቱ ማዶ የካሴትና የሲዲ ሱቅ ያለው ፈድሉ የሚባል ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ መንገዱን በዘፈን የሚያደነቁር፣ የሙዚቃ መጽሔት አወጣለሁ ብሎ ተነሳ። ስሙ «ዜማ ዲላ»። የመጀመሪያው እትም ለደራሮ እንዲደርስ፣ ሽፋኑ ላይ ደግሞ ሮሆቦት እንድትወጣ ፈለገ። ሮሆቦት ከቡሌ ደጋ የመጣች ዘፋኝ ናት። በጌዴኦኛ የዘፈነችው አንድ ዘፈን በዚያ ዓመት ያልገባበት ባጃጅ የለም፤ የደራሮ ዕለትም መድረክ ላይ እንድትዘፍን ተመርጣለች።

ፎቶው ኮንጋ በሚባል የገጠር ቀበሌ፣ ቀይ የቡና ፍሬ መሃል እንዲነሳ ተባለ። ኤልቤቴልም አብራ ልትሄድ ነበር። ሆኖም የአንድ ሙሽራ አልበም ተቸኮለባትና ቀረች። ሲላስና ሮሆቦት በአንድ ሞተር ሳይክል፣ ፈድሉ በሌላው ሆነው ሄዱ። አንድ ሞተር ላይ መሆናቸውን የነገሯት እትዬ አትጠገብ ናቸው፤ ክፋት አስበው አይደለም፣ ያዩትን ሳይናገሩ ማደር ስለማይችሉ ነው።

ሲላስ ማምሻውን ጫማው ቀይ ጭቃ ለብሶ፣ የሮሆቦትን ዘፈን በአፍንጫው እያንጎራጎረ ገባ።

«እንዴት ነበር?» አለችው።

«ጥሩ ነበር። ብርሃኑ ልዩ ነው።»

«ስለ ብርሃኑ አልጠየቅኩህም።»

«ሮሆቦትን ነው? ጎበዝ ናት። ካሜራ አትፈራም።»

«ቆንጆ ናት?»

ሲላስ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀር ነበር። «ፊቷ ምንም ማጽዳት አይፈልግም» አላት፣ ስለ ሥራ ያወሩ መስሎት። ኤልቤቴል ሰው ሁሉ የሚጸዳ ነገር አያጣም ብላ የምታምን ልጅ ናት፣ ለራሷም ጭምር። የዚያችኛዋ ፊት ግን ምንም አይፈልግም ተባለ።

በማግስቱ ሲላስ ለሠርግ ጪጩ ሄደ። ፈድሉ በፍላሽ አንድ ፎቶ ይዞ መጣ። «ካሜራው ላይ ሁሉንም አየሁ፤ የምፈልገው ይሄን ነው፣ የምትስቅበትን። አጽጂልኝና እመለሳለሁ» ብሎ ሱቁን ሊከፍት ሄደ።

ኤልቤቴል እንደ ልማዷ ሙሉውን ሳታይ አጉልታ ከታችኛው ጥግ ጀመረች። ቅጠሉ ላይ ያለ አቧራ ጠረገች። ነጩ ቀሚስ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች አሉ፤ ጠረገቻቸው። አንገቷ ሥር አንድ ነጥብ አለ፣ ጠረገችው። አንድ ጣት ጫፍ ላይ ሌላ ነጥብ አለ፤ እሱንም ጠረገችው። እጅና ዓይኗ ሥራውን ያውቁታል፤ ሐሳቧ «ምንም ማጽዳት አይፈልግም» የምትለው ቃል ላይ ነበር። ጨርሳ ሙሉውን ዘርግታ ስታይ ግን ማውሱን ለቀቀች።

ሮሆቦት አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና ትስቃለች። ለካሜራ የሚሳቅ ሳቅ አይደለም፤ ከሆድ የመጣ፣ ሰው ከሚቀርበው ሰው ጋር ብቻ የሚስቀው ሳቅ ነው። ትከሻዋ ላይ፣ ከአንገቷ አጠገብ፣ የወንድ እጅ አርፏል። ግራ እጅ። ሰዓት አለው። የሰዓቱ ማሰሪያ በቀይ ክር የተሰፋ ነው።

ኤልቤቴል ተነሳች፣ ተቀመጠች። ውሃ ልትጠጣ ሄዳ ብርጭቆውን ይዛ ሳትጠጣ ተመለሰች። የእኔ ነው ስትለው የከረመችው ክር የሌላ ሴት ትከሻ ላይ ተኝቷል።

ፈድሉ ተመልሶ መጥቶ ከጀርባዋ ቆመ። «አየሻት? ይቺን ሳቅ ከየትም አታገኚም። የሲላስ እጅ ገብቶበታል፣ እሱን አጥፊልኝ።»

«ምን ሆና ነው የምትስቀው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ከገበሬዎቹ ጋር እያወራሁ ነበር። ብቻ ሲስቁ ሰምቻለሁ።»

ሲስቁ። ሁለቱም ማለት ነው። ኤልቤቴል ይህችን ቃል እስከ ማታ አላመጠቻት።

መቼም ቀናተኛ ሰው የሚፈልገውን በቀጥታ ጠይቆ አያውቅም። ሲላስ ከሠርጉ ሲመለስ ፎቶውን ከፍታ «ይሄ ምንድን ነው?» ብትለው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን ኮራች። ዙሪያውን ዞረች።

«ኮንጋ ላይ ምን ምን አወራችሁ?»

«ከማን ጋር?»

«ከዘፋኝህ ጋር።»

«ዘፋኜ?» ፈገግ አለ። «ብዙ ነገር። ስላንቺም አንስተናል።» ይህን ብሎ የሆነ ነገር ትዝ ብሎት ለብቻው ሳቀ። ሊነግራት አፉን ሲከፍት አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ፎቶ ሊነሳ ገባ፣ ሲላስም ካሜራውን አንስቶ ወደ ውስጥ ሄደ።

ኤልቤቴል በተቀመጠችበት በገነች። እኔን እያነሱ ነው የሳቁት አለች። እጁ ትከሻዋ ላይ፣ ስሜ አፋቸው ላይ።

የሽፋኑን ሥራ የጀመረችው በዚህ አንጀቷ ነው። መጀመሪያ የመጽሔቱን ስም በትልልቅ ፊደል የሮሆቦት ግንባር ላይ ጣለችው። ፈድሉ አይቶ «ግንባሯስ? ምን አደረገሽ?» አላት። ስሙን ወደ ላይ አወጣችና የውስጥ ገጽ ርእሶችን ጉንጯና አፏ ላይ ደረደረች። «ኤልቢ፣ ሳቁን ሸፈንሽው እኮ፣ እኔ የምሸጠው ሳቁን ነው» አላት። ርእሶቹን ወደ ጎን ገፋችና ፎቶውን በቢጫ ቀለም አጠበችው፤ ሮሆቦት ወባ የያዛት መሰለች። ፈድሉ ትግሥቱ አለቀ። «አንቺ ልጅ ታመሻል ወይስ ልትገይኝ ነው?» አለ።

መጨረሻ ላይ ደክሟት እንደሚገባው ሠራችው። እጁንም አጠፋችው። ፎቶሾፕ ላይ ምስል በምስል ላይ ይነባበራል፣ ሌየር ይሉታል። ከሮሆቦት ሌላኛው ትከሻ ቆዳና ቀሚስ ቀድታ፣ በአዲስ ሌየር ላይ፣ የሲላስን እጅ ጣት በጣት ሸፈነችው። የምትወደውን ሰው እጅ ከሌላ ሴት ገላ ላይ ስታነሳ የዋለች ሴት ምን እንደሚሰማት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀዩዋን ክር የሸፈነቻት መጨረሻ ላይ ነው። እንባዋ መጣ፤ እትዬ አትጠገብ እንዳያዩባት አፍንጫዋን ወደ ላይ ሳበች።

ፈድሉ አይቶ ተደሰተ። «አንቺ ጠንቋይ ነሽ» አላት። «በሲዲ ገልብጪልኝ፣ ሐዋሳ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ሹፌር አለኝ።»

እያንዳንዱ ሌየር አጠገብ ዓይን የምትመስል ትንሽ ምልክት አለች። ዓይኗ ከተከፈተች ሌየሩ ይታያል፤ ከተጨፈነች ይጠፋል። ኤልቤቴል ፋይሉን ልትገለብጥ ስትል ከማዶ፣ ከፈድሉ ሱቅ፣ የሮሆቦት ዘፈን ጀመረ። ሲላስ ደጅ ቆሞ የካሜራውን መስተዋት እየወለወለ አብሮ አንጎራጎረ። ኤልቤቴል ሽፋኑን አየች፣ እሱን አየች። የዚያችን የእጅ መሸፈኛ ሌየር ዓይን ጠቅ አድርጋ ጨፈነቻት። እጁ ተመልሶ ትከሻዋ ላይ ቁጭ አለ። ሰው ይየው አለች። እንደዚያው በሲዲ ገለበጠችና ለሹፌሩ ላከችው።

መጽሔቱ ደራሮ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ከሐዋሳ መጣ። ፈድሉ ካርቶኑን ከፍቶ ሽፋኑን ሲያይ፣ ስሕተቱ የማተሚያ ቤቱ መስሎት ራሱን ያዘ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ታትሟል። በሁለት ቀን ውስጥ ግን ራሱን መያዙን ተወ፣ ምክንያቱም ሰው እየተሻማ ገዛው። ባለቤት የሌለው እጅ ሮሆቦት ትከሻ ላይ ተቀምጧል፤ ከሰዓቱ ወዲያ ቅጠል ብቻ ነው። «የማን እጅ ነው?» የከተማው ጨዋታ ሆነ። ባጃጅ ሹፌር የተሳፋሪን እጅ ያያል። ገበያ ላይ ሰዓት ያሰረ ወንድ ሁሉ ይጠየቃል። ሲላስ እጁን ኪሱ ከትቶ መሄድ ጀመረ።

ኤልቤቴል ደስ ሊላት ጠበቀች። አላላትም። ቡሌ ያሉት የሮሆቦት እናት መጽሔቱን ሰው አምጥቶ አሳይቷቸው፣ ልጃቸውን ወደ ቤት እንደጠሯትና መድረክ እንደከለከሏት ሰማች። ይህ ሲወራ አንገቷን ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀበረች።

ዱላው ግን ለእሷም አልቀረላትም። በሳምንቱ መጨረሻ ጪጩ ስትሄድ አባቷ በረንዳው ላይ፣ መጽሔቱ ጭናቸው ላይ፣ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጣታቸውን ሰዓቱ ላይ አሳረፉ።

«ይህን ክር እዚህ በረንዳ ላይ ስትሰፊ አይቼሻለሁ» አሉ።

ስለ ሮሆቦት አስባ ነበር፣ ስለ ሲላስ አስባ ነበር። ክሩን የሚያውቀው ሌላው ሰው አባቷ መሆኑን አንድ ጊዜም አላሰበችም።

«ለልጁ ንገሪው። ሽማግሌ አይላክ። በአንድ እጁ የአንቺን ክር አስሮ ሌላዋን ለሚያቅፍ ሰው ልጄን አልሰጥም።»

«አባባ…»

«ጨርሻለሁ» አሉና ተነስተው ወደ ማሳቸው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ነገረችው። ሲላስ ሰዓቱን አየና ቀና አለ።

«እጁን አጥፍተሽው አልነበረም? ፈድሉ አይቼዋለሁ ብሏል።»

«መለስኩት።»

«ለምን?»

ያን ጊዜ ወር ሙሉ የያዘችው ፈነዳ። «ቃል ገብተህልኝ አልነበር? እጄን አላነሳም አላልክም? ትከሻዋ ላይ ምን ትሠራ ነበር?»

«ጉንዳን አነሳላት ነበር።»

«ጉንዳን?»

«ጉንዳን ወረራት እኮ። የቆመችበት የጉንዳን መንገድ ነበር። በቀኝ እጄ ካሜራውን እንደያዝኩ በግራዬ ላነሳላት ስል ጣቴ ቁልፉን ተጫነው። ፎቶው ላይ አታዪም?»

«ምንም ጉንዳን የለም። መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«ያየሽው ካጸዳሽው በኋላ ነው ወይስ ዋናውን?»

ኤልቤቴል ሲላስ ከካሜራው ያስቀመጠውን ሲዲ ከመሳቢያ አወጣች። ዋናውን ፎቶ ከፈተች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታጎላ፣ ከጥግ ሳትጀምር፣ ሙሉውን አየች። ነጩ ቀሚስ ላይ ጉንዳን በሰልፍ ይወጣል። አንዱ አንገቷ ሥር ደርሷል። አንዱ በሲላስ አውራ ጣትና በሌባ ጣቱ መሃል ተይዞ እግሩን ያወናጭፋል። አቧራ ብላ፣ ነጥብ ብላ፣ አንድ በአንድ የጠረገቻቸው እነሱን ነው።

ሲላስ ከጀርባዋ ቆሞ ነበር። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም። አለመጮሁ ነው የባሰው።

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አላት ብቻ፤ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወጣ። በዚያም ቀን፣ በማግስቱም አልተመለሰም።

እትዬ አትጠገብ ነገሩን ሲሰሙ ረጅም ጊዜ ፎቶውን አዩ። «ሙሉውን አትዪ ያልኩሽ የሞተ ሰው ፎቶ ነው እንጂ» አሉ በመጨረሻ፣ «በቁም ያለውንማ እዪው እንጂ ልጄ።» ከዚያ የመጨረሻውን ትልቅ የፎቶ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። «በዚህ እተሚውና ወደ አባትሽ ሂጂ።»

አቶ ወልደዮሐንስ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉ። መነጽራቸውን አደረጉ። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ሥር የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጉንዳኖቹን ሲያዩ የራሳቸውን አንገት እንኳ ሳያስቡት ዳበስ አደረጉ።

«ይሄ እውነተኛው ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ጉንዳኑን ማን አጠፋው?»

«እኔ።»

«እጁንስ ማን ተወው?»

«እኔ» አለች። «ቀንቼ ነው። እሱ ምንም አላደረገም፣ እሷም ምንም አላደረገችም። እኔ ነኝ።»

አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጣል ብላ የጠበቀችው ፊት ላይ ሌላ ነገር አየች፤ ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ሳቅ ተደብቋል። እሳቸውም አንድ ጊዜ በእናቷ ቀንተው የሆነ ነገር ያደረጉ ሰው ይመስላሉ። ምን እንደሆነ ግን ዛሬም አልነገሯትም።

«ጉንዳኑን አጥፍተሽ እጁን ተውሽ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ አሁን የማዝነው ለልጁ ነው እንግዲህ። ለመሆኑ አሁንም ይፈልግሻል?»

«አላውቅም።»

«እሱን ራስሽ ጠይቂው። በመጀመሪያ ግን ቡሌ ትሄጃለሽ። ያቺ ልጅ ስሟ የጠፋው በአንቺ ነው። እናቷ ፊት ቆመሽ ለእኔ የነገርሽኝን ትነግሪያለሽ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ከመጣ በሬ ክፍት ነው።»

የቡሌ መንገድ ቀልድ አይደለም። መኪናው እስካደረሳት ድረስ ሄዳ፣ የቀረውን በጭጋግ ውስጥ፣ በእንሰት ማሳዎች መሃል፣ ፎቶውን በፕላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛ በእግሯ ወጣችው። ብርዱ ጣቷን አደነዘዘው። የሮሆቦት እናት በር ላይ ስትደርስ ምን ብላ እንደምትጀምር ጠፋት፤ ስለዚህ ፎቶውን ዘረጋችና ጣቷን ጉንዳኖቹ ላይ አሳረፈች። ሴትዮዋ አማርኛ ብዙም አይሰሙም፤ ኤልቤቴል በጌዴኦኛ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ሴትዮዋ አይተው፣ አይተው፣ ልጃቸውን ተጣሩ።

ሮሆቦት በወፍራም ጋቢ ተጠቅልላ ወጣች። ፎቶውን አየች፣ ኤልቤቴልን አየች።

«ኤልቤቴል አንቺ ነሽ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ብትሰድቢኝም አይከፋኝም።»

«ጉንዳን ነው ብል እናቴ አላመነችኝም ነበርና ልሰድብሽ አስቤ ነበር። ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር እንዲያውም።» አጠገቧ ተቀመጠች። «ለመድረኩ ግን ሦስት ቀን ነው የቀረኝ። እናቴ ከፈቀደችልኝ ይበቃኛል።»

እናቷ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ መፍቀዳቸው ነው። ጭጋጉ እስከ በሩ ድረስ መጥቶ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለች ኤልቤቴል። አሁን እንኳ መተው አልቻለችም። «እንደዚያ ያሳቀሽ ምንድን ነው? ጉንዳን እየነከሰሽ።»

ሮሆቦት ፎቶውን አነሳችና ያን የራሷን ሳቅ አየችው። «አልነገረሽም?»

«ሊነግረኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

«እኔ እየጮህኩ ነበር። ሲላስ አንዱን አነሳልኝና፣ አይዞሽ አትጩሂ፣ አሁን ኤልቤቴል እዚህ ብትሆን በአንድ ጠቅታ ሁሉንም ታጠፋልሽ ነበር አለኝ። የእኔን ጠባሳ እንኳ አጥፍታ ነው የያዘችኝ አለ። ስላንቺ ሲያወራ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አይተሽዋል? እኔ የሳቅኩት በጉንዳኑ አይደለም። በፊቱ ነው።»

ኤልቤቴል ፎቶውን ከእጇ ወሰደችው። ወር ሙሉ የቀናችበት፣ በፊደል ልትሸፍነው፣ በቢጫ ልታጥበው የታገለችው ሳቅ የመጣው በራሷ ስም ነው። ማልቀስ ጀመረች፤ ሮሆቦት ጋቢውን ዘርግታ ግማሹን ትከሻዋ ላይ ጣለችላት።

«የሠርግሽ ዕለት እዘፍንልሻለሁ» አለቻት። «ፎቶውን ግን ሌላ ሰው ያጽዳው።»

ኤልቤቴል ቁልቁል ስትመለስ መኪናው ከሚቆምበት ቦታ ላይ አንድ ረጅም ልጅ፣ ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ፣ ቆሞ ይጠብቃታል። አባቷ ናቸው የላኩት፤ ይህን ግን ቆይታ ነው ያወቀችው። ቀዩዋ ክር ከሩቅ ታየቻት። አጠገቡ ደርሳ ቆመችና ከጥግ ሳትጀምር፣ ከነጠባሳው ሙሉውን አየችው።

«ሲላስ፣ አሁንም ትፈልገኛለህ?» አለችው።

ይህን ጥያቄ ግን በቀጥታ ጠየቀች። ሲላስ እጁን አነሳና ትከሻዋ ላይ አሳረፈው።